የነሐሴ ችሎት

ፍርድ ቤቶቻችን በነሐሴ እረፍት ይወጣሉ። ከስታዲየም ተነስቶ በአምባሳደር አድርጎ እስከ ፒያሳ በየካፌው የሚያስችለው ችሎት ግን ዋና ሥራው ያኔ ነው። ጉዳዩ የእንግሊዝ ክለቦች ሊጉ ሳይከፈት የሚያደርጉት የዝግጅት ጨዋታ ነው፤ ተከሳሹ የ17 ዓመት ልጅ ነው። ማሊያው ጀርባ ላይ 74 ወይም 83 የሚል የስልክ ቁጥር ቁራጭ የመሰለ ነገር ተለጥፏል፤ በ63ኛው ደቂቃ ተቀይሮ ገብቷል። በ66ኛው ኳስ ከእግሩ ስር ስታመልጠው፣ ከቴሌቪዥኑ ፊት የተቀመጡት ጋሼ ማኪያቷቸውን ያስቀምጡና "ይሄ ልጅ አይሆንም" ይላሉ። ሦስት ደቂቃ ሙሉ አይተውታል፤ ከዚህ በላይ ምን ይጠበቅ?

ችሎቱ የሚሰየምበት ሰዓት ራሱ ለፍርድ አይመችም። ቡድኑ ለዝግጅት ሲንጋፖር ወይም ሆንግ ኮንግ ከሄደ በእነሱ ምሽት አንድ ሰዓት ተኩል የሚጀመረው ጨዋታ እኛ ጋ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ነው፤ ምሳ የበላ ሰው በዝናብና በእንቅልፍ መሃል ሆኖ ያየዋል። የአሜሪካ ምሥራቁ ጠረፍ ላይ ከሆነ ደግሞ ያው ሰዓት እዚህ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ያን ሰዓት ነቅቶ ያየ ሰው ከአንድ ካፌ አንድ ቢገኝ ነው፤ ጠዋት ግን ምስክሩ ሃያ ነው። ምስክርነቱ የተገኘው ስልክ ላይ ከዞረ የአርባ ሰከንድ ቪዲዮ ነው። ቪዲዮው ልጁ አብዶ ሠርቶ ሁለት ሰው ሲያልፍ ያሳያል። ከዚያ በኋላ ኳሱን ለማን እንዳቀበለ አያሳይም፤ ያቀበለው ለተጋጣሚ ነዋ!

ለአሰልጣኙ ይሄ ግጥሚያ ሰው ትኬት ቆርጦ የሚያየው ልምምድ ነው። ቋሚ ተሰላፊው በመጀመሪያው ጨዋታ 45 ደቂቃ ገደማ ይጫወታል፣ በሚቀጥለው 60፣ ሊጉ ሊከፈት ሲል 90 ይሞላል። ጠዋት ሮጠውና ብረት ገፍተው ማታ ሜዳ ስለሚገቡ እግራቸው አልታዘዝ ይላል። የዓለም ዋንጫ ወይም የአውሮፓ ዋንጫ ባለበት ክረምት ትልልቆቹ ዘግይተው ለእረፍት ስለሚወጡ ዘግይተው ይመለሳሉ፤ ልጁ ግን እነሱ ባሕር ዳርቻ ተጋድመው ሳለ ሲሮጥ ከርሟል። እንግዲህ በሁለተኛው ጨዋታ ላይ ያን ውድ ኮከብ በሩጫ ጥሎት ቢሄድ የሚደንቅ ነገር የለውም። ችሎቱ ግን በአንድ መዝገብ ሁለት ውሳኔ ይሰጣል፦ ትልቁ አርጅቷል፣ ይሸጥ፤ ትንሹ በመክፈቻው ጨዋታ ይሰለፍ።

ከ60ኛው ደቂቃ በኋላ ደግሞ ስምንት ዘጠኝ ሰው በአንዴ ይቀየራል። በተስፋ ቡድን የመሃል አማካይ የነበረው ልጅ፣ የግራ መስመር ተከላካይ ስላለቀ ብቻ እዚያ ይተከላል። ከፊቱ የሚጫወተውን ልጅ ስሙን ያወቀው አውሮፕላን ላይ ነው። ኳስ ከኋላው ስታልፍ "ቦታውን አያውቅም" ይባላል። እውነት ነው፣ አያውቅም፤ ቦታው አይደለማ!

የዚህ ከተማ ትልቁ መዝገብ የጌዲዮን ዘላለም ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ክረምት አርሴናል ለዝግጅት ወደ እስያ ሲሄድ የ16 ዓመቱን አማካይ አስከትሎ ሄደ፤ በርሊን ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደ፣ ዋሽንግተን አካባቢ ያደገ ልጅ። ዓመቱ ዋሊያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ የበቁበት ስለነበር የሰው ልብ አብጧል። አርሴናል ኢንዶኔዥያን 7 ለ 0፣ ቬትናምን 7 ለ 1 ሸኘ፤ ልጁም በዚያ ጉዞ ተከላካይ ሰንጥቃ የምታልፍ ኳስ ሲያቀብል ታየ። በቃ። ችሎቱ ባለቤቱን ሳይጠይቅ ለብሔራዊ ቡድኑ ሰጠው፣ የማሊያ ቁጥርም መረጠለት። ማንችስተር ዩናይትድ የሚደግፍ ሰው እንኳ "የኛ ልጅ" እያለ ለአንድ ወር በድብቅ አርሴናል ሆነ።

ልጁ ማቀበል ይችል ነበር፤ እሱ ላይ ዳኞቹ አልተሳሳቱም። ያልተጠየቀው ጥያቄ ሰባት ጎል የሚገባበት ቡድን አንድን አማካይ ምን ያህል ያስጨንቀዋል የሚለው ነው። ቀና ብሎ ለማየት ጊዜ ነበረው፣ በትከሻ የሚገፋው ግን አልነበረም። ከዚያ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2014 ላይ በእንግሊዙ ኤፍ ኤ ካፕ ከኮቨንትሪ ጋር በተደረገ ጨዋታ ተቀይሮ ገባ፤ በ2015 ፊፋ ለአሜሪካ እንዲጫወት ፈቀደለት፤ በውሰት ወደ ስኮትላንዱ ሬንጀርስ ሄደ፤ በ2017 ከ20 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ ጉልበቱን ክፉኛ ተጎዳ፤ በ2019 አርሴናልን ለቀቀ። የጉልበት ጉዳትን ከእስያ ጉዞ ላይ አንብቦ የሚተነብይ ዳኛ ስታዲየም አካባቢ እስካሁን አልተገኘም።

"አንድ ጨዋታ ይበቃል" ባዮች የሚያቀርቡት ማስረጃ ሁልጊዜ ሮናልዶ ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 6 ቀን 2003 ሊዝበን ላይ ስፖርቲንግ አዲሱን ስታዲየም ሲያስመርቅ፣ የ18 ዓመቱ ልጅ የማንችስተሩን ተከላካይ ጆን ኦሼይን መከራውን አበላው፤ ማንችስተር 3 ለ 1 ተሸነፈ፣ ሳምንት ሳይሞላ ልጁ ተገዛ። ግሩም ማስረጃ ነው። ማንችስተሮች ከዚያ በፊትም ሲከታተሉት እንደነበር ግን ማስረጃው ላይ አይጻፍም፤ ያቺ ምሽት ያፋጠነችው ፊርማውን ነው። ይኸው ማንችስተር እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ ላይ ሪያል ማድሪድንም ሊቨርፑልንም 3 ለ 1 ረትቶ የዝግጅት ዋንጫ ሲያነሳ፣ እዚህ ሜክሲኮ አደባባይ ላይ የሊጉ ዋንጫ ታጥቦ ተወልውሎ አልቆ ነበር። ሊጉ ሲከፈት በገዛ ሜዳው በስዋንሲ 2 ለ 1 ተሸነፈ።

ከልጁ ምን ይታይ ለሚል ሰው፣ ዓይንን ከኳሱ ላይ መንቀል ይቀድማል። በረኛው ኳስ ሊመታ ሲል ካሜራው ሰፋ ይላል፤ ያኔ ልጁን ፈልጉትና አንገቱን እዩት። ኳሷ ሳትደርሰው በፊት ባሉት አምስት ስድስት ሰከንዶች ሁለት ሦስቴ ወደ ኋላው ዞር የሚል ልጅ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ጨርሷል። ዞር የማይለው ኳሱን ከያዘ በኋላ ነው መንገድ የሚፈልገው። በነሐሴ ጊዜ ስለሚሰጡት አይነቃበትም፤ መስከረም ላይ ግን ሁለተኛው ንክኪ ሳይደርስ ከእግሩ ይወስዱበታል። ቀጥሎ የሚቀበልበትን እግር እዩ። ከግራ የመጣችን ኳስ ሰውነቱን ገለጥ አድርጎ በቀኝ እግሩ ከተቀበላት ፊቱ ወደ ተጋጣሚ ጎል ነው፤ ለኳሷ በሚቀርበው በግራው ካቆማት ግን ወደመጣችበት እንደዞረ ይቀራል፣ ለተከላካይ ከመመለስ ሌላ ምርጫ የለውም። ካፌው ይሄኔ "ፈሪ ነው፣ ወደ ኋላ ብቻ ነው የሚያቀብለው" ይላል። ልጁ ድፍረት አላነሰውም፤ በተሳሳተ እግር ነው የተቀበለው።

ሲነጠቅ ደግሞ የሚቀጥሉትን አምስት ሰከንዶች ያዙለት፦ ተከትሎ ይሮጣል ወይስ እጁን ዘርግቶ ዳኛውን ይለማመጣል? ከዚያም ያቺን ኳስ ካበላሸ በኋላ እንደገና "ስጡኝ" ይላል ወይስ ከአማካዮቹ ጀርባ ይደበቃል? ጎሉ መጨረሻ ይቆጠር። አስራ ስድስት ከሃምሳ ውስጥ ቆሞ የተመለሰች ኳስ የሚያገባ ልጅ በየክረምቱ አይጠፋም። በሌላ በኩል አሰልጣኙ "ከመሃል መስመር አትለፍ" ብሎ ያስገባው ልጅ አለ፤ "ምነው አያጠቃም?" እየተባለ የሚወገዘው እሱ ነው።

የቀድሞ ተጫዋች ነኝ የሚሉት አባት ይህን ሁሉ ሰምተው "በኛ ጊዜ ጃንሜዳ ላይ ዝግጅት የሚባል ነገር የለም" ይላሉ። "አባባ፣ እርስዎ የት ቦታ ነበር የሚጫወቱት?" ሲባሉ፣ "በሁሉም።" ከእሳቸው ጋር መከራከር ይቻላል። ከውርርድ ባለ ኩፖኑ ጋር ግን አይቻልም። አምስት ጨዋታ አያይዞ የቆረጠው ቲኬት በ88ኛው ደቂቃ ሲቃጠልበት የልጁን ዘር ማንዘር ነው የሚያነሳው፤ አሰልጣኙ ራሱ ውጤቱ ግድ በማይሰጠው ጨዋታ ላይ ብር ያስያዘው ግን ልጁ አይደለም።

የአገር ውስጡ ችሎት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ይከፈታል፤ ክለቦች ልጆች የሚሞክሩት ያኔ ነው። ከድሬዳዋ የመጣ የመስመር አጥቂ በመጀመሪያው ሳምንት 20 ደቂቃ ሮጦ እጁን ጉልበቱ ላይ ያሳርፋል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ናት፣ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ። አየሩ ስለሚሳሳ ትንፋሽ ያጥራል፣ የተመታች ኳስም ከለመደው ራቅ ብላ ታርፋለች፤ ስለዚህ የሚያሻማው ሁሉ ሁለተኛውን የጎል ቋሚ አልፎ ይወጣል። አጥር ተደግፈው የሚያዩት ዳኞች ወዲያው "ሳንባ የለውም፣ ልኬትም አያውቅም" ብለው መዝገቡን ይዘጋሉ። የሚያውቅ አሰልጣኝ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይታገሰዋል፤ በመሃሉም አጭር አጭር ሩጫ እየሰጠ፣ የሚያሻማውንም መሬት ለመሬት እያደረገ ያቆየዋል።

በሦስተኛው ሳምንት ልጁ መስመሩን ይዞ ሽቅብ ቁልቁል ሲል፣ ያው አጥር ላይ ያው ሰዎች አሉ።

"አላልኳችሁም? ይሄ ልጅ ፈረስ ነው!"

"አንተ አይደለህ እንዴ ሳንባ የለውም ያልከው?"

"እኔ? ኧረ በል! ያ ሌላ ልጅ ነው።"