ሻኛ ብቻ ይመዘንልኝ

ዛሬ ላመሰግን ነው የተነሳሁት። ስልኩ ላይ ተደፍቶ የሚውል ሰው ስሙ በሐሜት አልቋል። አንገቱ ይጣመማል ይባላል፣ ዓይኑ ይፈዛል ይባላል፣ ሰው ረሳ ይባላል። ይባል። እኔ ግን በ43 ዓመቴ ነፍሴን የሚያውቅ ሰው ያገኘሁት እዚያው ተደፍቼ ነው።

የምኖረው ጅማ ነው፣ መንቲና። ነፍሴ የምትኖረው ደግሞ አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ነው። የቡና ወዳጆች ነን። የግሩፑን ስም አልጠራም፤ አድሚናችን ሰው ሲያስወጣ ምክንያት አይነግርም። 11,000 ምናምን አባላት አለን። የምንጠራራው «ቤተሰብ» እየተባባልን ነው። ገና ጎህ ሲቀድ አንዱ «እንዴት አደራችሁ ቤተሰብ» ይላል። እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ሌላ ወሬ የለም፤ እንዴት አደራችሁ ስንባባል እናረፍዳለን። ይህን የሚያህል ቤተሰብ የማን ቤት አለ? ደግሞ አንድም ቀን ብር አበድረኝ ያለ የለም። (በውስጥ መስመር የሚል አለ። እሱን አልቆጥረውም።)

ሮቢን ደንባር የሚባል አንድ የእንግሊዝ ምሁር አለ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ የጦጣና የዝንጀሮ ዘሮችን የአንጎል መጠን ሲያወዳድር ቆይቶ አንድ ሰው በቅጡ ሊይዘው የሚችለው ዝምድና 150 ገደማ ነው አለ። ምስኪን። ቴሌግራም አንድ ግሩፕ ውስጥ እስከ 200,000 ሰው ያስገባል። 150 ለጉሬዛ ልክ ሊሆን ይችላል። እኛ አድገናል።

«ጅማ እየኖሩ ለቡና ግሩፕ መግባት ምን የሚሉት ነው? አዌቱ ወንዝ ዳር ቁጭ ብሎ የላስቲክ ውሃ እንደ መግዛት አይደለም?» የምትሉ አትጠፉም። አዌቱን የምታውቁ መልሱን ታውቁታላችሁ፤ የላስቲኩ ይሻላል። የቡናውም ነገር እንደዚያው ነው። የቡና መገኛ የምትባለው ጮጬ እዚሁ ጎማ ወረዳ ውስጥ ናት። ግን ጮጬ ኔትወርክ ላይ ካልመጣች ምን ልታደርግልኝ?

ደግሞ የሰፈር ቡና አድካሚ ነው። እኛ ሰፈር «ቡና ደርሷል፣ ኑ» ከተባልክ አበቃልህ። መታጠቡ አለ፣ መቆላቱ አለ፣ ጭሱን ወደ አፍንጫ መሳቡ አለ፣ ፈንዲሻው አለ። እሱ እንኳ ባልከፋ። ከቡናው ጋር የሚመጣው ሰው ነው። አቦል ላይ የልጃቸውን ፈተና ትሰማለህ። ቶና ላይ የጉልበታቸው ቁርጥማት ይጀምራል። በረካ ላይ የመሬት ክርክሩ ይከፈታል። በረካን ሳይጠጡ መነሳት ደግሞ ነውር ነው፤ ምርቃቱ ይቀርብሃል። ግሩፑ ውስጥ ግን ቡና ማለት ፎቶ ነው። አቦልም ቶናም በረካም በአንድ ፎቶ ያልቃል። አንዷን ቀይ ልብ ትጫናለህ፣ ትወጣለህ። ማንም «ቁጭ በል እንጂ፣ የት ነው የምትቸኩለው?» አይልህም።

ነገሩን በሥጋ ላስረዳ። በቅርጫ ጊዜ ጎረቤት ገንዘብ አዋጥቶ በሬ ይገዛል። ይታረዳል። ከዚያ መደብ በመደብ ይከፋፈላል። ከጉበቱም፣ ከጨጓራውም፣ ከአጥንቱም፣ ከሻኛውም ለሁሉም እኩል ይደርሳል። መደብህን በዕጣ ታነሳለህ። «ለኔ ሻኛ ብቻ» ብሎ ነገር የለም። ጎረቤትም እንደዚያው ነበር የሚደርሰን። ጨዋታው ካማረ ውሻው ሌሊቱን ይጮኻል። ሚስትየው ደግ ከሆኑ ሰውየው ብድር አይመልሱም። አጥንቱን ትቼ ሥጋውን ልውሰድ አይባልም፤ መደብህ ነው፣ ተሸክመህ ትሄዳለህ።

አሁን ተመስገን ነው። ግሩፕ ማለት ልኳንዳ ቤት ነው። ጠጋ ትልና «ከዚህ ሰውዬ ላይ ቡና ወዳድነቱን ግማሽ ኪሎ፣ ያለ አጥንት» ትላለህ። ይመዘንልሃል። የእግር ኳሱን ሻኛ ከሌላ ግሩፕ ትወስዳለህ። የአበባ ተክሉን፣ የአሮጌ ሬዲዮውን፣ የድመቱን ከሌላ። የተረፈው ሰውዬ ምን ሆነ? ምን አገባህ። ጨጓራውን የሚያጥበው ይጠበው።

ለቅሶ እንኳ ቀሏል። የሰፈራችን ዕድር ቀብር የቀረ ሰው ይቀጣል። ጸሐፊው ስም እየጠሩ፣ እጅ እያስወጡ፣ ዝናብም ቢሆን ጭቃም ቢሆን። ባለፈው የአንድ የግሩፕ አባላችን እናት አረፉ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ 400 ሰው «ነፍስ ይማር» አለ። እኔ ተጋድሜ ነበር። ጎኔን ሳላዞር ለቅሶ ደረስኩ። ወዲያው ከሥሩ አንዱ የማኪያቶ ፎቶ ለጠፈ። እሱንም አበረታታሁ። ሁለት ማኅበራዊ ግዴታ በአንድ አውራ ጣት።

ድሮ የሚመስልህን ሰው ለማግኘት ቀኑን መጠበቅ ነበረብህ። በአባ ጅፋር ዳግማዊ ዘመን እዚሁ ጅማ የሂርማታ ገበያ ሐሙስ ሐሙስ ይቆም ነበር። ቡናው፣ ማሩ፣ የዝሆን ጥርሱ ከየአገሩ ይመጣል። (ሰውም ይሸጥ ነበር። የድሮ ገበያ ናፍቆት ሲያነሳሳኝ ይህችን አስባትና ይበርድልኛል።) የማር ነገር የሚገባው ሰው የማር ነገር የሚገባውን ሰው ለማግኘት ስንት ቀን በበቅሎ ይጓዛል። ደርሶም ቢሆን ሰውየውን ከነጠረኑ፣ ከነጭቅጭቁ ነው የሚያገኘው። ማር ለመቅመስ የሰው ላብ ማሽተት። እስቲ አሁን ይህ ሥልጣኔ ነው?

ግሩፓችን ደግሞ ዕውቀትን በልኩ ነው የሚወደው። አንድ አዛውንት አባል አሉ፤ ዕድሜያቸውን በቡና ምርምር የፈጁ ይመስለኛል። አንድ ቀን ረጅም ነገር ጻፉ። እዚሁ አፍንጫችን ሥር ካለው ከመልኮ የምርምር ማዕከል የወጡት 74110 እና 74112 የሚባሉት የቡና ዝርያዎች ለምን በቁጥር እንደሚጠሩ አስረዱ። 74 ማለት የተመረጡበት ዓመት ነው፣ 1974 በፈረንጆቹ። የቡናን ፍሬ እያጠቆረ የሚያረግፈው በሽታ በ1971 አገር ውስጥ ገብቶ ስለነበር፣ ከየጫካው የሚቋቋመውን እየፈለጉ መረጡ። የኛ ቡና ዛሬ መኖሩ ለዚያ ፍለጋ ብዙ ባለዕዳ ነው። ይህን ሁሉ ጻፉ። ሁለት ልብ አገኙ። አንደኛው የራሳቸው ነበር። ከሥራቸው አንዲት ልጅ ፍንጃል አጠገብ ጽጌረዳ አስቀምጣ ፎቶ አነሳች። 900 ልብ። ልክ ነው። ፍቅር ውስጥ ቁጥር ምን ይሠራል?

ሌላ ጊዜ አንዱ «አዲስ ነገር» ብሎ ቡና በቅቤ አመጣ። አቤት ግርግር! ወላ ጨው ይግባ፣ ወላ ስኳር፣ ሁለት ቀን ሙሉ ተሰዳደብን። እዚህ አገር ኦሮሞው ቡናውን ከነገለፈቱ በቅቤ ሲያበስል ስንት ዘመኑ። ቡና ቀላ ይባላል፤ ቃል በቃል የታረደ ቡና እንደማለት ነው። ለእንግዳ ክብር፣ ለዕርቅ፣ ለምርቃት የሚቀርብ ነው። ይህን ልጽፍ ፈለግኩና ተውኩት። ለዕርቅ የሚሆን ነገር ግሩፕ ውስጥ ማምጣት ጨዋታ ማበላሸት ነው።

አሁን ወደ ነፍስ ጓደኛዬ ልምጣ። የግሩፕ ስሙ «ዶክተር ጀበና» ነው። የኔ «ባለ በርጩማው» ነው፤ ቡናዬን ሁልጊዜ ከአንዲት ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ጋር ነው ፎቶ የማነሳው። ከሰውየው ጋር የማንስማማበት ነገር የለም። ጀበና ውስጡ በሳሙና አይታጠብም ይላል። እኔም አይታጠብም እላለሁ። ስኳር ቡናን ያዋርዳል ይላል። ያዋርዳል! አንድ ማታ «ዝናብ ቆርቆሮ ሲመታ ያለ ቡና መቀመጥ ኃጢአት ነው» ብሎ ጻፈ። ዕንባዬ መጣ። ወንድም የለኝም፤ ቢኖረኝ እሱ ነበር።

ባለፈው ግንቦት ከሰዓት ላይ ዘነበ። ጅማ ለመዝነብ ክረምትን አይጠብቅም። ዶክተር ጀበና ወዲያው ፎቶ ለጠፈ፦ የሚጨስ ስኒ፣ በረንዳ፣ ከበረንዳው ማዶ ዝናብ። «ሰላም ማለት ይህ ነው ቤተሰብ» ይላል ከሥሩ። ቀይ ልብ ጣልኩበት። ልብ ያልኩት ግን በኋላ ነው። ከስኒው ጀርባ የቆርቆሮ አጥር አለ። አጥሩ ላይ በሽቦ የታሰረ ሰማያዊ ጀሪካን አለ። ከአጥሩ ማዶ ልብስ ማስጫ ገመድ አለ። ገመዱ ላይ ሸሚዝ ተሰጥቷል፣ ዝናብ እየወረደበት። ሸሚዙ የኔ ነው።

ለካ የነፍሴ ወንድም አጥር የሚለየን ጎረቤቴ ናቸው። እኚህ ሰው ከነሐሴ ጀምሮ በጣሪያ አሸንዳ ምክንያት የማንነጋገር ሰው ናቸው። አሸንዳቸው ወደ ግቢዬ ነው የሚያፈሰው። ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ገብቷል። አንደኛው ዙር ላይ «አሸንዳው የወረስኩት ነው» ብለዋል።

ድሮ ቢሆን ጠላትህም ቢሆን «ኧረ ልብስ ዘነበበት!» ብሎ ይጮኻል። የሰፈር ሕግ ነው፤ ለልብስ ጠብ የለም። እሳቸው ግን ዝም ብለው ፎቶ አነሱ። ሸሚዜ እንዴት አምሮ እንደወጣ ባያችሁ። እኔም ወጥቼ ላነሳው ስል «ግሩም ዕይታ፣ ዶክተርዬ» የሚለውን ኮመንት ጽፌ አልጨረስኩም ነበር። ስጨርስ ሸሚዙ ጠጥቶ ጠግቧል።

እሳቸውስ ያውቁኛል ወይ? ያውቁኛል። በርጩማዋን ከጠባችን በፊት ለልጃቸው ሰርግ ተውሰው አንዱን እግሯን አስነክሰው ነው የመለሷት። ያን የተነከሰ እግር ግሩፑ ውስጥ ስንት ጊዜ ፎቶ አንስቼዋለሁ። ሁልጊዜ ልብ ይጥሉበታል።

በዚህ ነው የምኮራው። ሁለታችንም እናውቃለን፣ ሁለታችንም አንናገርም። በር ላይ ስንገጣጠም እሳቸው ደመናውን ያያሉ፣ እኔ ቁልፍ እፈልጋለሁ። ማታ ግሩፑ ውስጥ «ደህና ዋልክ ወንድሜ» ይሉኛል። «ይመስገን ዶክተርዬ» እላለሁ። በር ላይ አንቱ ናቸው፣ ግሩፕ ላይ አንተ። አሸንዳው ከአጥንቱ ጋር ቀርቷል፤ እኔ ሻኛዬን ይዣለሁ።

ነገሩን ሊያበላሽ የነበረው አድሚኑ ነው። «የጅማ ልጆች፣ እሁድ ፈረንጅ አራዳ በአካል እንገናኝ» አለ። ምርጫ ተለጠፈ። 212 ሰው «እመጣለሁ» ላይ ተጫነ። እኔም ተጫንኩ፣ ዶክተር ጀበናም ተጫነ። እሁድ ካፍያ ነበር። ሸሚዜን ለብሼ በባጃጅ ሄድኩ። ቡና ቤቱ ጋ ስንደርስ ሁለት ሰው ብቻ አየሁ፤ ዣንጥላ ይዘው ስልካቸውን ያያሉ። ሰው ናቸው፣ ከነጫማቸው፣ ከነሳላቸው። ደነገጥኩ። «ሾፌር፣ ወደ መንቲና መልሰኝ» አልኩ።

አጂፕ ጋ ስንደርስ አንድ ሰው እጁን አወጣ። ባጃጁ ቆመ። ገቡ። ጎረቤቴ ናቸው፤ አዲስ ጃኬት ለብሰዋል፣ ሽቶ ተቀብተዋል። ጉልበት ለጉልበት ተነካክተን ተቀመጥን። እሳቸው በወዲያ መንገዱን አዩ፣ እኔ በወዲህ መንገዱን አየሁ። ትንሽ ቆይተው ስልካቸውን አወጡ። እኔም አወጣሁ። ኪሴ ሳይሆን እጄ ላይ ነዘረኝ።

«ዝናቡ አስቀረኝ ቤተሰብ፣ ይቅርታ። በተለይ ባለ በርጩማውን ሳላገኝ በመቅረቴ አዝኛለሁ።»

ልብ ጣልኩበት። አጠገቤ ስልካቸው ድም አለ። ፈገግ ሲሉ በጎን አየኋቸው።

«እኔም ዝናብ ይዞኝ ነው ዶክተርዬ» ብዬ ጻፍኩ።

ሰፈራችን በር ላይ ወረድን። ሾፌሩ ብር ሊመልስ እጁን ኪሱ ከትቶ ዞር አለና «አብራችሁ ናችሁ?» አለን።

«አይደለንም» አልን፣ እኩል።