ጣውላውን ማን ደበቀው?

ሰሞኑን በአንድ የቴሌቪዥን ውይይት ላይ የቀረቡ ምሁር፣ ቤተ ሙከራ ስለሌላቸው ትምህርት ቤቶች ሲጠየቁ «ጋሊሊዮ ምን ቤተ ሙከራ ነበረው? ከፒሳ ማማ ላይ ሁለት ድንጋይ ለቀቀ፣ አሰበ፣ ዓለምን ቀየረ» ብለው አረፉት። አወያዩም ራሱን በአድናቆት ነቀነቀ። በጀት የለም ቢሉ ማን ይከራከራቸው ነበር? ባዶ ክፍልን በጋሊሊዮ ስም መመረቅ ግን ዓይን ያወጣ ድፍረት ነው።

ከማማው እንጀምር፤ የክርክራቸው ምሰሶ እሱ ነውና። ጋሊሊዮ ባሳተማቸው መጻሕፍት ውስጥ ከፒሳ ማማ ላይ ኳስ ለቀቅሁ የሚል ቃል የለም። ታሪኩን የጻፈው በስተርጅናው አብሮት የነበረው ደቀ መዝሙሩ ቪቪያኒ ነው፤ ያውም በ1654 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ መምህሩ ከሞተ ከ12 ዓመት በኋላ። ቢጥልስ ኖሮ? ፍሌሚሹ የሒሳብ ሊቅ ሲሞን ስቴቪን ቀድሞታል። በ1586 ባሳተመው ጽሑፍ፣ አንዱ ከሌላው 10 እጥፍ የሚከብድ ሁለት የእርሳስ ኳሶች ከ30 ጫማ ከፍታ ተለቀው ሳንቃ ላይ ሲያርፉ የተሰማው አንድ ድምፅ ብቻ እንደነበር ነግሮናል። ደግሞም ከ56 ሜትር ከፍታ የተለቀቀ ኳስ በ3.4 ሰከንድ ገደማ መሬት ይመታል። ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት እንደልብ ባልነበረበት ዘመን ከዚህ የሚገኘው «እኩል ደረሱ» ወይም «አልደረሱም» ብቻ ነው። ከባዱ ፈጥኖ ይወድቃል ያለውን የጥንቱን ፈላስፋ አርስቶትልን ለማሳፈር ይበቃ ይሆናል፤ የውድቀት ሕግ ግን አይወጣውም።

ሕጉ የወጣው ከጣውላ ነው። ጋሊሊዮ በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ ልኩን አንድ በአንድ አስፍሮታል። ጣውላው 12 ክንድ ማለትም 7 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ወርዱ ግማሽ ክንድ፣ ውፍረቱ 3 ጣት ነው። በጠባቡ ጎን ላይ ከአንድ ጣት ጥቂት የሰፋ ቀጥ ያለ ቦይ ተቦርቡሮ፣ የለሰለሰ ብራና ተለጥፎበታል። በቦዩ የሚንከባለለው ድንቡልቡል የነሐስ ኳስ ነው። የጣውላው አንድ ጫፍ 1 ወይም 2 ክንድ ከፍ ይደረጋል። አንድ ክንድ ብቻ ከፍ ሲል ኳሱ ታች እስኪደርስ 5 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ከማማ ላይ ዓይን የማይከተለው ውድቀት እዚህ ተዳፋቱ ስለሚያዘገየው በሩብ፣ በግማሽ፣ በሁለት ሦስተኛ ተከፍሎ ይለካል።

ጊዜውንስ? በውሃ። ሥሩ ላይ ቀጭን ቱቦ ያለው ትልቅ ዕቃ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ኳሱ ሲለቀቅ ውሃው ወደ ትንሽ ብርጭቆ መፍሰስ ይጀምራል፣ ኳሱ ሲደርስ ይቋረጣል፤ የተጠራቀመው ውሃ በሚዛን ይመዘናል። ዕቃው ትንሽ ከሆነ ውሃው ሲጎድል ግፊቱ ይወርድና ፍሰቱ ይደክማል፤ ያን ጊዜ ሁለት ልኬቶችን ማወዳደር ከንቱ ነው። የብራናው መጋጠሚያ ጉብ ካለ ኳሱ ይነጥራል። ጣውላው መሃሉ ላይ ከረገበ ላይኛው ክፍል ይበልጥ ቁልቁል፣ ታችኛው ለጥ ያለ ይሆንና ስሌቱ ይበላሻል። ቁልቁለቱ ሲበዛ ደግሞ ኳሱ መንከባለሉን ትቶ ይንሸራተታል። ይህ ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ ነው ኳሱ የመንገዱን ሩብ በግማሽ ጊዜ እንደሚጨርስ፣ ርቀቱም ከጊዜው ካሬ (ጊዜው በራሱ ሲባዛ) ጋር እንደሚያድግ የታየው። ሙከራውን 100 ጊዜ ያህል ደጋግሞ፣ ልዩነቱ ከአንድ የልብ ትርታ አንድ አስረኛ አልበለጠም ይላል። ይህ ቤተ ሙከራ ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

በእርግጥ ከባዱንና ቀላሉን ድንጋይ በሐሳብ አስሮ የአርስቶትልን አባባል እርስ በርሱ አጋጭቷል። ለዚያ ወንበር ይበቃል። የጊዜን ካሬ ግን ማንም ከወንበሩ ሳይነሣ አላረጋገጠም።

«ቤተ ሙከራ አልነበረውም» የተባለው ይኸው ሰው ከ1599 ጀምሮ ማዞሌኒ የተባለ የእጅ ባለሙያ በኢጣሊያዋ ከተማ ፓዱዋ በነበረው ቤቱ ከነቤተሰቡ አስቀምጦ የሒሳብ መሣሪያ ያሠራ ነበር። በ1609 መገባደጃ ከተጻፈለት አንድ ደብዳቤ ጀርባ ላይ ያሰፈረው የገበያ ዝርዝርም አለ፦ ምስር፣ ነጭ ሽምብራ፣ ሩዝ፣ ስኳር፣ ቁንዶ በርበሬ፤ ከዚያው ጋር 2 የመድፍ አረር፣ የቆርቆሮ የኦርጋን ቱቦ፣ የጀርመን መስታወት፣ ዝፍት። አረሩ ለጦርነት አልነበረም፤ ሌንስ ሊሞርድ ነው። በ1610 ራሱ እንደጻፈው ብዙ ወጪና ድካም ካፈሰሰባቸው ከ60 በላይ ቴሌስኮፖች አዲሶቹን ግኝቶች ለማሳየት የበቁት እጅግ ጥቂት ነበሩ። የዘመኑ መስታወት አረፋ የበዛበት ነበር፤ የሌንሱ ዳር ከመሃሉ ይልቅ ጠማማ ስለሚወጣ ምስሉ እንዳይደበዝዝ ዳሩን መሸፈን ነበረበት። ይህን የሚያውቀው ሞርዶ ያበላሸ ብቻ ነው።

እኚህ ምሁር ብቻቸውን አይደሉም፤ ታላቁ የሳይንስ ታሪክ ሊቅ አሌክሳንደር ኮይሬም በ1953 የጣውላውን ሙከራ የስሕተት ክምር አድርጎ አጣጥሎት ነበር። በ1961 ቶማስ ሴትል ሳንቃ፣ የቢሊያርድ ኳስና የአበባ ማሰሮ ይዞ ሙከራውን ደገመው። ውጤቱ ጋሊሊዮ እንዳለው ሆነ። ለአንድ ክፍል የሚያስፈልገው 3 ሜትር ጣውላ፣ ኳስ፣ ባልዲ፣ ቀጭን ቱቦና ሚዛን ነው፤ ይህን ለመግዛት የማይፈልግ ባለሥልጣን በጋሊሊዮ ስም አይማል።