አብሽር፣ በዋጋ አንጣላም

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደው የሐረጎ ቁልቁለት ለባለጋራዦች የተሰጠ ርስት ነው። ሾፌሩ ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ማርሹን ዜሮ ያደርጋል። ከላይ እስከ ታች ፍሬን እየረገጠ ይወርዳል። ኮምቦልቻ ሲደርስ የፍሬን ሸራው ተቃጥሎ አገር ያሸታል። ከዚያ ወዲያ ማስታወቂያ ለምኑ?

ዛሬ እነዚህን ባለጋራዦች ላመሰግን ነው የተነሣሁት። ሙያቸውንማ ማን ይክዳል፤ የሞተር ሕመም በድምፁ የሚለዩ ሰዎች ናቸው። እኔን የሚያስደንቀኝ ንግዱን የሚመሩበት ጥበብ ነው።

ሌላ ቦታ መኪናው ከመፈታቱ በፊት የዕቃውና የእጅ ዋጋው ተጽፎ ደንበኛው ይፈርማል አሉ። ምን ዓይነት አለመተማመን ነው! እኛ ዘንድ ደንበኛው «ስንት ይፈጃል?» ካለ ባለጋራዡ ቅር ይለዋል። «አብሽር ወንድሜ፣ በዋጋ አንጣላም።» አለቀ። ደንበኛውም ወሎዬ ነውና ደግሞ መጠየቁን ይሉኝታ ይይዘዋል። ቁልፉን ሰጥቶ፣ መርቆ ይሄዳል።

ጠቡ የሚመጣው ሞተሩ ከወረደ በኋላ ነው። ይህም ታስቦበት ነው። ሞተሩ የወረደ መኪና ወደ ሌላ ጋራዥ አይነዳም።

የዕቃ አቅርቦቱም ድንቅ ነው። አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢርቅም ዕቃው ሁልጊዜ መንገድ ላይ ነው። ሰኞ ስትደውሉ ሸዋ ሮቢት ደርሷል። ረቡዕ ስትደውሉ ደብረ ሲና ነው። (መንገዱን የምታውቁ ዝም በሉ።) ዕቃ እየጠበቀ ነው የተባለው መኪና ቅዳሜ ሙሽራ አጅቦ ደሴ ፒያሳ ላይ ጥሩምባ ሲነፋ ቢታይ አትደንግጡ። ቴስት እየተደረገ ነው።

የሒሳብ ክፍሉ የባለጋራዡ ሱሪ ነው። የዕቃው ብር በቀኝ ኪስ፣ የእጅ ዋጋው በግራ ኪስ ይገባል። ማታ ቤት ሲደርስ ሁለቱም አስቤዛ ሆነዋል። ያ ዓመት አተረፈ ወይስ ከሰረ? ይህን የሚያውቅ አላህ ብቻ ነው። የዱቤ መዝገቡ ደግሞ የካርቶን ቁራጭ ነው፤ «ነጭ ዶልፊን፣ 3 ሺህ ቀሪ» ይላል። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ስንት ነጭ ዶልፊን ሚኒባስ እንደሚመላለስ ለእናንተው ልተው። አንድ ቀን ረዳቱ ያንኑ ካርቶን መኪና ሥር አንጥፎ ይተኛበታል። የጋራዡ ሀብት ከግራሶ ጋር ተለውሶ ቱታው ጀርባ ላይ ይቀራል። ረዳቱ ይህን ሁሉ የሚሸከመው በነጻ ነው፤ ደመወዙ ሙያ ነው ተብሏል።

ደንበኛውንም ሳላመሰግን አላልፍም። ለዕቃ የተጠየቀውን ይከፍላል። የእጅ ዋጋ ሲባል ግን ደሙ ይፈላል። «ምን ሠራህና? አንድ ቡሎን ነው ያጠበቅከው!» የትኛው ቡሎን እንደላላ ለማወቅ ሃያ ዓመት መፈጀቱ ሒሳብ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ባለጋራዡ የእጅ ዋጋውን ዕቃው ውስጥ ይሸሽገዋል። አንድ ሺህ ይጨምራል፣ ሁለት መቶ ይቀንሳል። ደንበኛው አስቀነስኩ ብሎ እየፎከረ ይወጣል።

ሲከፈል አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ? በደረሰኝ ከሆነ 15 በመቶ ቫት አለው። ያለ ደረሰኝ ከሆነ ወንድማማች ነን። ደረሰኝ ካልያዝኩ ብሎ ድርቅ የሚለው የመሥሪያ ቤት መኪና ይዞ የመጣው ሹም ብቻ ነው። እሱ «አንጣላም» ሲባል አይሰማም። ዋጋው አስቀድሞ፣ በጽሑፍ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ እስከ ሳንቲሙ ይቀርብለታል። መኪናው ገና አልተፈታም። ቁጥሩን ለባለጋራዡ የሚነግረውም ሹሙ ራሱ ነው።