የአክስቴ ጉልበት የሮተርዳም ሰው ጉልበት አይደለም

አክስቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ከፒያሳ አራዳ ጊዮርጊስ የምትደርሰው ሁለት ቦታ አርፋ ነው። ዱሮ አንድም አታርፍም ነበር። ባለፈው ሰሞን ከመድኃኒት ቤት የቫይታሚን ዲ እንክብል ይዛ ወጣች። "ምን ላድርግ ልጄ፣ የእናቴም ጉልበት እንዲሁ ነበር፤ ዘር ነው" አለችኝ። የሸጠላት ልጅም "የቫይታሚን ዲ ጂን የሚባል አለ፣ በቤተሰብ ይወርዳል" ብሏታል።

ልጁ ጨርሶ አልተሳሳተም። ቫይታሚን ዲ ደም ውስጥ ስለዞረ ብቻ ሥራ አይሠራም። ሴል ውስጥ የሚቀበለው ፕሮቲን ያስፈልገዋል። የዚያ ፕሮቲን ጂን ክሮሞዞም 12 ላይ ነው ያለው፤ አጻጻፉም ከሰው ሰው በጥቂት ፊደል ይለያያል። ብዙ የተጠኑት ልዩነቶች አራት ናቸው፦ ፎክአይ፣ ቢኤስኤምአይ፣ አፓአይ እና ታክአይ። ስሞቹ የኢንዛይሞች ናቸው። ኢንዛይሞቹ ከባክቴሪያ የተገኙ ዲኤንኤ መቁረጫዎች ናቸው። (ሳይንቲስቶች ስም ማውጣት ላይ ብዙም አይጨነቁም።) ከአራቱ ፕሮቲኑን ራሱን የሚቀይረው ፎክአይ ብቻ ነው። ሦስቱ አይነኩትም፤ ምልክት ናቸው።

ነገሩ የሚወሳሰበው እዚህ ምልክት ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1997 ኔዘርላንድስ፣ ሮተርዳም ውስጥ ከ800 በላይ ሰዎች ተጠኑ። የተወሰኑ ምልክቶች የያዙት ሰዎች የጉልበት መሸርሸር፣ ማለትም ኦስቲዮአርትራይተስ፣ በዝቶ ታየባቸው። ታዲያ ተጠያቂው የቫይታሚን ዲ ተቀባዩ ነው? ከሱ ብዙም ሳይርቅ፣ እዚያው ክሮሞዞም 12 ላይ፣ የልም አጥንትን (መገጣጠሚያ ላይ አጥንትን የሚሸፍነውን ለስላሳ አካል) ዋና ክር የሚሠራ ሌላ ጂን አለ። ጥፋቱ የጎረቤት ሊሆን ይችላል የሚል ጥርጣሬ ከመጀመሪያው ነበር።

እኛ አዲስ አበቤዎች ይህን ለመረዳት አንቸገርም። ቤት የምንጠቁመው በምልክት ነው። "ከዳቦ ቤቱ ቀጥሎ ሰማያዊው በር" እንላለን። ዳቦ ቤቱ ካለ ቤቱ ይገኛል። አሁን ግን የፈረሰውን ዶሮ ማነቂያን በዱሮው ምልክት ልፈልግ ብትሉ የት ትደርሳላችሁ? ጂንም እንዲሁ ነው። ሮተርዳም ውስጥ አንድ ምልክት ከአንድ ጎረቤት ጋር ተያይዞ ይወረሳል። ሌላ ሕዝብ ዘንድ ያ ጉርብትና ላይኖር ይችላል። አፍሪካ ውስጥ ደግሞ የሰው ዘር ረጅም ዕድሜ ስለኖረ፣ አብረው የሚወረሱት የዲኤንኤ ቁራጮች አጫጭር ናቸው፤ ልዩነቱም ከየትኛውም አህጉር ይበልጣል።

ለዚህ ይመስለኛል ከሮተርዳም በኋላ የተደረጉት ጥናቶች ውጤት ያልተስማማው። ጥናቶቹን አንድ ላይ ደምረው ያዩ አንዳንድ ተመራማሪዎች አፓአይ በእስያውያን ላይ ከበሽታው ጋር ደከም ያለ ዝምድና እንዳለው ጽፈዋል። ሌሎቹ ምልክቶች ላይ ብዙ የረባ ነገር አልተገኘም። ሁሉም ጂን እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም። ጂዲኤፍ5 የሚባለው ጂን ከበሽታው ጋር ያለው ዝምድና ጃፓንና ቻይና ላይ ተገኝቶ አውሮፓም ላይ ተደግሟል። ግን እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣውን ትልቅ የኦስቲዮአርትራይተስ ጂኖች ጥናት ተመልከቱ። 826,690 ሰው ተካቶበታል፤ አብዛኛው የአውሮፓ የዘር ግንድ ያለው ነው። ከዚህ ተነስቶ ለአክስቴ "ዘርሽ ነው" ማለት ድፍረት ነው።

እንክብሉስ? አሜሪካ ውስጥ 146 የጉልበት ሕመምተኞች ለሁለት ዓመት ተጠኑ፤ ቫይታሚኑን የወሰዱት ሕመማቸውም የልም አጥንታቸው መሸርሸርም ባዶ እንክብል ከወሰዱት የበለጠ አልቀነሰም፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ወጣ። በ2016 ደግሞ አውስትራሊያ ውስጥ ቫይታሚኑ ባነሳቸው 413 የጉልበት ሕመምተኞች ላይ የተደረገ ሙከራ ውጤት ወጣ። ያው ነው።

እጥረቱ ግን የለም አልልም። "የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ" እያልን ብንኮራም፣ እ.ኤ.አ. በ2015 አዳማና አካባቢው ላይ የታተመ ጥናት ከከተማ ተማሪዎች ከ10 ስድስቱ ያህል እጥረት እንዳለባቸው አሳይቷል። የገጠሮቹ ከ10 ሁለት ያህል ናቸው። ሁለቱም ጎረቤታሞች ናቸው፤ የለያያቸው ጣሪያ ይመስለኛል። አንዱ ክፍል ውስጥ ይውላል፣ ሌላው ሜዳ ላይ። ቫይታሚኑን የሚሠራው ጨረር ደግሞ በመስታወት አያልፍም። ቢሮ መስኮት ሥር ለምትቀመጡ ይህን ልበል ብዬ ነው። ያነሰው ሰው ተመርምሮ ይውሰድ፣ ለአጥንቱ ያስፈልገዋል። ለጉልበት ልም አጥንት ጥገና ብሎ መሸጥ ግን ሌላ ነገር ነው።

የኔ ጥያቄ አንድ ነው። የጂን ምርመራ ማስታወቂያ ከመድረሱ በፊት የራሳችን ሰው ይጠና። ያውም "ኢትዮጵያዊ" ተብሎ በአንድ ከረጢት ሳይታጨቅ። የጉልበት ሕመምተኛ እንደሆነ በየሆስፒታሉ ኮሪደር ሞልቷል፤ ደም ከመውሰድ ጋር ክብደቱን፣ ሥራውን፣ ስንት ደረጃ እንደሚወጣም መጠየቅ ነው። አክስቴ ያለ አሳንሰር አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው። ይህን የጠየቃት የለም።

በመጨረሻ ፊዚዮቴራፒ ሄደች። አሁን ማታ ማታ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እግሯን ትዘረጋለች፣ እስከ አሥር ትቆጥራለች፣ ታወርዳለች። እንክብሉንም አልተወችም። "ገንዘቤን ከፍዬበታለሁ እኮ" አለችኝ።