በበረራ ውጊያ ጌም ላይ ዙም ይኑር ወይስ ይቅር?

እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ኢል-2 ሽቱርሞቪክ የተባለው የበረራ ውጊያ ጌም ለተጫዋቹ የእይታውን ስፋት ከ90 እስከ 30 ዲግሪ የሚያጠብበት ቁልፍ ሰጥቶታል። እይታው ሲጠብ ሩቁ ነገር ይተልቃል፤ ተጫዋቾች ዙም የሚሉት ይህንኑ ነው። እውነተኛ ውጊያ ለመምሰል በተዘጋጁ ሰርቨሮች (ተጫዋቾች በኢንተርኔት ተገናኝተው በሚጫወቱባቸው) ላይ ዙም ይፈቀድ ወይ? ሁለት ተጫዋቾች ተሟግተውበታል።

ይኑር ባይ፦ ዙምን እንደ ማጭበርበር የሚቆጥሩ ሰዎች ስክሪንን ከዓይን ጋር እኩል ያደርጉታል። ጤነኛ ዓይን በአንድ ዲግሪ ውስጥ 60 ያህል ነጥብ ለይቶ ያያል። አግድሙ 1920 ፒክስል (የምስል ነጥብ) የሆነ ስክሪን በ90 ዲግሪ ሲከፈት ግን መሃሉ ላይ ለአንድ ዲግሪ የሚደርሰው 17 ፒክስል ገደማ ነው። ሜሰርሽሚት 109 የተባለው የጀርመን ተዋጊ አውሮፕላን ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 10 ሜትር አይሞላም። 3 ኪሎ ሜትር ላይ ያ ሁሉ ክንፍ 3 ፒክስል ሆኖ ይቀራል! ወዳጅ ይሁን ጠላት፣ እየመጣ ይሁን እየሄደ፣ ከ3 ፒክስል ላይ ማን ይለያል? ወደ 30 ዲግሪ ሳጠበው ክንፉ 12 ፒክስል ይሆናል፤ ለአንድ ዲግሪም 62 ይደርሳል። አብራሪው በባዶ ዓይኑ የሚያየው ይህንን ያህል ነው። ዙም ስክሪኑ የነጠቀኝን መለሰልኝ እንጂ ትርፍ አልሰጠኝም።

ይቅር ባይ፦ ወንድሜ፣ ስሌትህ ልክ ነው፤ ግን ያሰላኸው ለራስህ ስክሪን ብቻ ነው። አግድሙ 3840 ፒክስል የሆነ ስክሪን የገዛ ሰው በዚያው 30 ዲግሪ ለአንድ ዲግሪ 125 ፒክስል ያገኛል። ይህ የሰው ዓይን አይደለም፣ የሩቅ ማያ መነጽር ነው። አሜሪካኖች በተዋጊ ጄቶቻቸው፣ በኤፍ-4ኢ ግራ ክንፍ ላይ፣ ኋላም በኤፍ-14 አፍንጫ ሥር የቴሌቪዥን ካሜራ የገጠሙት ዓይን ሩቁን አውሮፕላን መለየት ስለማይችል ነው። ያ ካሜራ ዋጋ የተከፈለበት ብልጫ ነበር። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላን ላይ የተቀመጠ ተጫዋች ያንን ብልጫ በአንድ ቁልፍ ሲያገኝ ዝም ልበል?

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ተኩሱ ነው። በዚያ ጦርነት የጀርመን አብራሪ የነበረው ኤሪክ ሃርትማን 352 አውሮፕላን ጥሏል የሚባለው ጠላቱ የፊት መስታወቱን እስኪሞላው እየተጠጋ ነው። ዛሬ ሰርቨር ላይ ተጫዋቹ ዙሙን ይጫንና ከ600 ሜትር ጥይት ይረጫል። መጠጋትን የሚያህል ድፍረትና ጥበብ ከጨዋታው ወጣ።

ይኑር ባይ፦ ስለ ትልቁ ስክሪን ያልከውን እቀበላለሁ፤ መድኃኒቱም ጣሪያ ነው። ጌሙ የስክሪኑን ፒክስል ያውቃል፤ ለአንድ ዲግሪ 60 ሲደርስ ዙሙ ይቁም። ባለ 1920ው 30 ዲግሪ፣ ባለ 3840ው 60 ዲግሪ አካባቢ ይቆማል። ተኩሱን ግን በዙም አታሳብብ። የጥይቱ መበተንና መውረድ በትክክል ከተሠራ ከ600 ሜትር የሚረጭ ሰው ጥይቱን ጨርሶ ባዶውን ይመለሳል። ደግሞስ ዙም በነፃ ነው እንዴ? በ30 ዲግሪ ሳነጣጥር የፍጥነት መለኪያው፣ የነዳጁ መርፌ፣ የክንፌ ጫፍ፣ ሁሉም ከስክሪኑ ይወጣሉ። ጭራዬ ላይ የመጣውን የማውቀው ጥይቱ አውሮፕላኔን ሲበሳው ነው።

ይቅር ባይ፦ ጣሪያው ከመጣ በማየቱ አልከራከርህም፤ ምንም እንኳ ባለ ትልቁ ስክሪን በእኩል ጥራት ሰፋ አድርጎ ማየቱ ባይቀርም። ለተኩስ ግን ሌላ ሕግ እፈልጋለሁ፤ ቃታው ሲሳብ እይታው ወደ 46 ዲግሪ ይመለስ። ስፋቱ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ስክሪን ከ70 ሴንቲ ሜትር ሲታይ የሚሸፍነው ይህንን ነው፤ ጠላትም በእውነተኛ መጠኑ ይታያል። መምታት የፈለገ ይጠጋ።

ይኑር ባይ፦ እሱን አልፈርምልህም። ቃታውን በሳብኩበት ቅጽበት ምስሉ ሲያንስብኝ፣ ጆይስቲኩን የማንቀሳቅስበት ልክ ሁሉ ይፋለስብኛል። 50 ሜትር ድረስ የተጠጋውም ሰው ይስታል። ሃርትማን ሲተኩስ ዒላማው አልዘለለበትም። መጠጋትን ማስከበር ከፈለግክ የጥይቱን መበተን አብረን እንጠይቅ፤ ቃታዬን ግን ከዙሙ ጋር አታስርብኝ።