አንድ እንጀራ፣ ሦስት እሳት

ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ያለ አፓርትመንት፣ አዲስ አበባ ያለ ኮንዶሚኒየም፣ ሰሜን ሸዋ ያለ የገበሬ ቤት። ቅዳሜ ጠዋት ሦስቱም ጋ እንጀራ ይጋገራል። ሊጡ አንድ፣ ዐይኑ አንድ፣ አሰሳው አንድ። እሳቱ ግን ለየቅል ነው፤ ስለ አየር ንብረት ለውጥ ከማውራታችን በፊት ማየት ያለብንም ይህንኑ የእሳት ልዩነት ነው። ውጭ ያለን ሰዎች እዚህ የሰማነውን ምክር እንዳለ ወደ አገር ቤት እንልካለን፤ "መብራት ቆጥቡ፣ ዛፍ ትከሉ" እንላለን። ምክሩ እዚያ ሲደርስ አንዳንዴ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያይላል።

ከአሜሪካው እንጀምር። እዚህ የሚሸጠው የኤሌክትሪክ ምጣድ 1,500 ዋት አካባቢ ይስባል። ሁለት ሰዓት ሲጋገርበት 3 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። የአሜሪካ መብራት 60 በመቶ የሚሆነው ከጋዝና ከድንጋይ ከሰል ስለሚመነጭ፣ የአንድ ቀን ጋገራ ከ1 ኪሎ ትንሽ የሚበልጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣል። ይህ ትንሽ ነው። ስለ ምጣዱ የሚጨነቅ ሰው ዐይኑን ወደ ቤቱ ማሞቂያ ቢያዞር ይሻለዋል። የጋዝ ሒሳብ ወረቀቱ ላይ "ቴርም" የሚል መለኪያ አለ፤ አንዱ ቴርም ሲቃጠል 5.3 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። በጥር ብርድ 50 ቴርም ያቃጠለ ቤት 265 ኪሎ ለቀቀ ማለት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከነዳጅና ከሲሚንቶ የሚወጣው ለሕዝቡ ቢካፈል ግን ለአንድ ሰው በዓመት 200 ኪሎ እንኳ አይደርስም። አሜሪካ ውስጥ የነፍስ ወከፉ ድርሻ 14 ቶን አካባቢ ነው።

መኪናው ደግሞ ከማሞቂያውም ይብሳል። ዲሲና አካባቢው ላይ ታክሲና ኡበር ከሚነዱት ብዙዎቹ የእኛ ልጆች ናቸው። በዓመት 40,000 ማይል የሚነዳ፣ በጋሎን 25 ማይል የሚሄድ መኪና 1,600 ጋሎን ቤንዚን ይጨርሳል። ከአንድ ጋሎን 8.9 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወጣ ድምሩ 14 ቶን ይሆናል። በጋሎን 50 ማይል በሚሄድ ሃይብሪድ ይኸው ሥራ በ7 ቶን ያልቃል፤ የ800 ጋሎን ዋጋም ኪስ ውስጥ ይቀራል። መኪና መቀየር ለማይችል ሹፌር ወር በወር የጎማ ንፋስ ማስለካት ቀላሉ ነገር ነው፤ ጎማው ሳይሞቅ፣ በሹፌሩ በር ጠርዝ ላይ በተለጠፈው ቁጥር ልክ። ጎማው ራሱ ላይ የተጻፈው ቁጥር የመጨረሻው ጣሪያ ነው፤ በእሱ የሚያስሞሉ ብዙዎች ናቸው፣ ተሳስተዋል። ኤርፖርት ተራ ሲጠበቅ ሞተር ማጥፋትም አንድ ነገር ነው።

የተለቀቀው ጋዝ ለብዙ መቶ ዓመታት አየር ላይ ይቆያል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ቦረናና ሶማሌ ክልል ላይ አምስት የዝናብ ወቅት ተከታትሎ ሲከሽፍ፣ ከብቱ ያለቀበት አርብቶ አደር አንድም ቴርም አላቃጠለም። ይህን ዕዳ ውጭ ያለን ሰዎች በቁም ነገር ልንይዘው ይገባል።

አሁን ወደ አዲስ አበባው ኮንዶሚኒየም እንሂድ። የኢትዮጵያ መብራት ከሞላ ጎደል ሁሉም ከውኃ የሚመነጭ ነው፤ ጥቂት ነፋስ ይታከልበታል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብም ይህንኑ አቅም በብዙ አሳድጎታል። እዚያ በመብራት የተጋገረ እንጀራ የሚያስወጣው ካርቦን ኢምንት ነው። ስለዚህ እዚያ ላለች እናት "መብራት ቆጥቢ" ማለት ወደ ከሰል ተመለሺ ማለት ሊሆን ይችላል፤ 1 ኪሎ ከሰል በአፈር ተዳፍኖ ሲከሰል ቢያንስ 5 ኪሎ እንጨት ይፈጃል። እዚያ ትክክለኛው ምክር "በመብራት ጋግሪ፣ ግን በደንብ ጋግሪ" የሚለው ነው።

በደንብ መጋገር ከሽቦው ይጀምራል። የአገር ቤት ምጣድ ከ3,000 እስከ 4,000 ዋት ይስባል። 3,500 ዋት በ220 ቮልት 16 አምፒር ነው፤ ይህን በኤክስቴንሽን ወይም በተራ ሶኬት መሰካት ሶኬቱን ያቀልጠዋል። ከማከፋፈያው ለብቻው የተዘረጋ የ4 ሚሊ ገመድ፣ የራሱ 20 ወይም 25 አምፒር ብሬከርና የመሬት መስመር ያስፈልገዋል።

ቀጥሎ ምጣዱን ገልብጦ ማየት ነው። ከሸክላው ሥር በተፈለፈለው ቦይ ውስጥ ሬዚስታንሱ (የሚግለው ሽቦ) ተጠምዝዞ ተኝቷል፤ ላዩ በጀሶ ተሸፍኗል። ጀሶው ሲሰነጠቅ አየር ይገባና ሽቦው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይግልና ይበጠሳል። ያኔ ሠፈር ያለው ጠጋኝ የተበጠሱትን ሁለት ጫፎች ስቦ ጠምዝዞ ያያይዛቸዋል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፦ ሽቦው ባጠረ ቁጥር የሚስበው ኃይል ይጨምራል፣ መጋጠሚያውም ይግላል፣ ምጣዱ ከወር በኋላ እዚያው ላይ እንደገና ይበጠሳል፣ ብሬከሩም መውደቅ ይጀምራል። የተበጠሰ ሬዚስታንስ ሙሉው መቀየር፣ ጀሶውም እንደ አዲስ መሞላትና ሳይደርቅ አለመለኮስ አለበት። ከሥር ሙቀት መከላከያ የሌለው ምጣድ ደግሞ ሙቀቱን ወደ ጠረጴዛው ያፈሰዋል፤ ሲገዛ የታችኛውን ቆርቆሮ አስከፍቶ ማየት ነውር የለውም። አክንባሎውም ጠርዙ ላይ ልክ ካልተቀመጠ ሙቀቱ በእንፋሎቱ ታጅቦ ይሄዳል።

ምጣድ እስኪግል ሩብ ሰዓት ወይም ሃያ ደቂቃ ይፈጃል፤ አንድም እንጀራ ሳይወጣ 1 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ሄደ። ለዚህ ነው በሳምንት ሦስቴ አሥር አሥር ከመጋገር ሁለቴ አሥራ አምስት አሥራ አምስት መጋገር የሚያዋጣው፤ አንዴ ሠላሳ ከተባለ ግን የመጨረሻው እንጀራ ይሻግታል። ሁለት ጎረቤቶች በጋለው ምጣድ ላይ ተከታትለው ቢጋግሩ ደግሞ የበለጠ ይቆጥባሉ። የመጨረሻዎቹ ሁለት እንጀራዎች ሲቀሩ ብሬከሩን ማውረድ ይቻላል፣ ሸክላው የያዘው ሙቀት ያደርሳቸዋል። ሁሉም ሰው እራት በሚሠራበት ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት አለመጋገሩ ለሠፈሩ ትራንስፎርመርም እፎይታ ነው።

ሒሳቡም ቀላል አይደለም። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ታሪፉ በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ ነው፤ ዝቅተኛው እርከን የሚያልቀው ደግሞ በወር 50 ኪሎዋት ሰዓት ላይ ነው። በሳምንት ሁለቴ 5 ኪሎዋት ሰዓት የሚበላ ጋገራ ብቻውን 40 ያልፋል። ውጭ ያለ ዘመድ ለቤተሰቡ ምጣድ ብቻ ገዝቶ ዝም ካለ፣ ምጣዱ ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጥና ከሰሉ ይቀጥላል። የመስመሩን ገመድ፣ የብሬከሩንና የመብራት ካርዱን ወጪ አብሮ ማሰብ ይኖርበታል።

ምጣድ ከአሜሪካ ጭኖ መላክም አይመከርም። ለ120 ቮልት የተሠራ 1,500 ዋት ምጣድ 220 ላይ ሲሰካ 5,000 ዋት ለመሳብ ይሞክርና ወዲያው ይቃጠላል። የአገር ቤቱን ምጣድ ወደዚህ ያመጣ ሰው ደግሞ ኃይሉ ወደ 1,000 ዋት ወርዶበት ሊጥ የሚደርቅበት እንጂ ዐይን የሚያወጣበት ምጣድ አይሆንለትም።

ሦስተኛው እሳት፣ የሰሜን ሸዋው፣ ከሁሉም ከባዱ ነው። አብዛኛው የገጠር ቤተሰብ በሦስት ጉልቻ ነው የሚጋግረው፤ ጭሱን የሚውጡት ጋጋሪዋና ያዘለችው ልጅ ናቸው። ዛፉ ለማገዶ ተቆርጦ ከተራቆተው ተዳፋት የታጠበው አፈር ደግሞ መጨረሻው ግድብ ውስጥ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1960ዎቹ መግቢያ ጀምሮ መብራት የሚሰጠው የቆቃ ግድብ በደለል ብዙ የውኃ መያዣ ቦታ አጥቷል። ላይ የሚቆረጠው ዛፍና ታች የሚጠፋው መብራት በአንድ ወንዝ የተያያዙ ናቸው።

የመብራት መስመር እስኪደርስ ድረስ ለዚህ ቤት ያለው መልስ "ምርጥ" የሚባለው ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ነው። ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ጠጠር በቅርጽ ማውጫ ይሠራል፤ አራቱ አካላቱ ተገጣጥመው ምጣዱን ይከባሉ፣ ሁለቱ ከኋላ በሚወጣው ሙቀት ላይ ድስት ያስቀምጣሉ። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲተያይ ግማሽ የሚጠጋ ማገዶ ይቆጥባል። የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ በችኮላ ነው፦ ከተሠራ በኋላ ቢያንስ ሰባት ቀን ውኃ እየጠጣ ካልቆየ በመጀመሪያው እሳት ይሰነጠቃል። ሲተከል ሥሩና መጋጠሚያው በጭቃ ካልተለሰነ በክፍተቱ አየር ገብቶ እሳቱን ያባክነዋል። ምጣዱ ሰፋ ካለ ወይም ካነሰ አይገጥምምና ከማዘዝ በፊት ወርዱን በክር መለካት ነው። እንጨቱም በእጅ አውራ ጣት ውፍረት ተፈልጦ የደረቀ ይሁን፤ እርጥብ ግንድ ማግዳ ጭሱ የበዛባት ሴት ምድጃውን ትወቅስና ወደ ጉልቻዋ ትመለሳለች።