የድሮው ሐዲድ አዋሳኞች

በሰሜን ቨርጂኒያ የሚኖር አበሻ ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹን ብስክሌት የሚያስነዳበት የደብሊው ኤንድ ኦዲ ትሬይል የድሮ የባቡር መስመር ነው። ባቡሩ በ1968 ሥራ አቆመ (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)፤ የመጀመሪያው የእግርና የብስክሌት ክፍል በ1974 ፎልስ ቸርች ውስጥ ተከፈተ፤ መንገዱ ፐርሰልቪል የደረሰው በ1988 ነው። ከአርሊንግተን ተነሥቶ 72 ኪሎ ሜትር የሚሄድ፣ ወርዱ ግን 30 ሜትር ገደማ ብቻ የሆነ ፓርክ ነው። እንዲህ ያለ ቀጭን ፓርክ ከሌላው የሚለየው በአዋሳኞቹ ብዛት ነው። ግራና ቀኙን የሰው ጓሮ፣ የሱቅ ጀርባ፣ የእርሻ አጥር ይዞታል።

አገር ቤትም የቆመ ባቡር መስመር አለ። በ1917 አዲስ አበባ የገባው 784 ኪሎ ሜትር የጅቡቲ ሐዲድ፣ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2016 በሌላ መስመር ሲመረቅ አብዛኛው ተረሳ። በአቃቂ፣ በቢሾፍቱ፣ በሞጆና በአዳማ በኩል የሚያልፈው ክፍል ለእግረኛና ለብስክሌት ቢሆን እንወዳለን፤ ባቡር ዳገት ስለማይወድ መሬቱ ቀድሞ የተደላደለ ነው፤ ትልልቅ ከተሞችንም ያያይዛል። ነገር ግን ቀያሽ ከመላክ በፊት አሜሪካኖቹ ከአዋሳኝ ጋር እንዴት እንደሚነጋገሩ በደንብ ማየት ያስፈልጋል። የመንገዱ ዕድሜ የሚወሰነው እዚያ ላይ ነው።

አሜሪካ ካውንቲው (የአካባቢው አስተዳደር) መጀመሪያ የሚያደርገው ከግብር መዝገቡ ላይ በመስመሩ ግራና ቀኝ ያሉትን ባለይዞታዎች ስም አውጥቶ ለእያንዳንዱ ደብዳቤ መላክ ነው። ከዚያ ስብሰባ ይጠራል። ጥሩ አዘጋጅ የሚባለው ንድፉ 30 በመቶ ሲደርስ የሚጠራ ነው። ከዚያ በፊት ሰው የሚያየው ነገር የለም፤ 90 በመቶ ላይ ከተጠራ ደግሞ መሐንዲሱ መስመር ለማዛወር በጀትም ልብም የለውም፤ ሰውየውም ይህ ስለሚገባው ተናዶ ይመጣል። ከአዳራሹ ስብሰባ ይልቅ የሚጠቅመው መስመሩን አብሮ በእግር መሄድ ነው። በየ20 ሜትሩ ባለቀለም ሪባን ታስሮ፣ ባለጓሮው በራሱ በረንዳ ቆሞ መንገደኛው የት ላይ እንደሚያልፍ በዓይኑ ሲያየው፣ «ትሬይል አልፈልግም» ይል የነበረው ሰው «ሁለት ሜትር ወደዚያ አርጉልኝ፣ እዚህ ጋ ቁጥቋጦ ትከሉልኝ» ወደ ማለት ይመጣል። ይህኛው ጥያቄ መልስ አለው።

ጎረቤት ሌባ ይመጣል ብሎ ይፈራል፤ በተግባር አቤቱታ የሚበዛው ግን በመኪና ማቆሚያ፣ በውሻና በጎርፍ ነው። መግቢያ በር ሲሠራ ማቆሚያ ካልታሰበ ሰው ሁሉ መኪናውን የሰው ደጅ ላይ ይደረድራል። አስፋልቱ 3 ሜትር ሆኖ ግራና ቀኙ 60 ሴንቲ ሜትር ትከሻ ይተውለታል፤ ውሃ እንዳይተኛበት ወደ አንድ ጎን 2 በመቶ ያዘነብላል። ያ ጎን የሰው ጓሮ ከሆነ ውሃው ምድር ቤት ይገባል። ስለዚህ ማዘንበያው ወደየት እንደሚሆን የሚወሰነው አዋሳኙ በተገኘበት ነው።

መሬቱ የግል ከሆነ ሦስት መንገድ አለ፤ መሸጥ፣ ቋሚ የመተላለፊያ መብት መስጠት፣ ወይም ባለቤቱ በፈለገ ጊዜ የሚሰርዘው ፈቃድ። ሦስተኛው ቀላል ስለሚመስል ብዙዎች ይመርጡታል፤ ቤቱ ሲሸጥ ግን አዲሱ ባለቤት በሩን ይዘጋና ሙሉው መስመር መሐሉ ላይ ይቆረጣል። ቋሚው መብት ከቤቱ ሰነድ ጋር ስለሚመዘገብ ከገዢ ወደ ገዢ ያልፋል፤ ስፋቱ፣ ሰዓቱ፣ ዛፍ ሲወድቅ ማን እንደሚያነሣ፣ አጥሩን ማን እንደሚጠግን በውስጡ ይጻፋል። «ሰው ወድቆ ቢከሰኝስ?» ለሚለውም የቨርጂኒያ ሕግ መልስ አለው፤ ለመዝናኛ በነፃ ያሳለፈ ባለመሬት ከባድ ቸልተኝነት ወይም ክፉ ሐሳብ ካልተገኘበት በስተቀር አይጠየቅም።

እዚህ ላይ የእኛን ሰው መውቀስ ግድ ነው። በአርሊንግተን፣ በአሌክሳንድርያና በሲልቨር ስፕሪንግ ቤት የገዛ ወገን ብዙ ነው፤ የካውንቲው ደብዳቤ ሲደርሰው ግን ከማስታወቂያ ወረቀት ጋር ይጥለዋል፤ ወይም ታክስ ሊጨምሩ ነው ብሎ ዝም ይላል። የዝምታው ዋጋ ውድ ነው። በስብሰባው የተናገረ ጎረቤት አጥርና ተክል ያገኛል፤ ያልተናገረው መግቢያ በሩን ከመኝታ ቤቱ መስኮት ሥር ያገኘዋል። መልስ መስጠት አንድ ገጽ አይሞላም፤ የቤቱን አድራሻና የይዞታ ቁጥር፣ የሚያሳስበውን ቦታ በደብዳቤው ካርታ ላይ ምልክት አድርጎ፣ የሚፈልገውን ነገር በልኩ መጻፍ ነው፤ «ከጓሮዬ 12 ሜትር ርዝመት ላይ 1 ሜትር ከ80 አጥር» ቢል ከረጅም ምሬት ይበልጥ ይሰማል። ከዚያ በፊት ግን የቤቱን የቅየሳ ንድፍ አውጥቶ የራሱ አጥር ወይም መጋዘን የሕዝቡን መሬት አልፎ እንደሆነ ይመልከት። ከሻጩ የወረሰው ጥፋት ቢሆንም አፍርስ የሚባለው እሱ ነው።

ወደ አገር ቤት ስንመለስ፣ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ «መንግሥት ካለ አለቀ» የሚል አለ። የመሬት ማስለቀቂያና የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ግን ተነሺዎች ይዞታቸውን ከማስረከባቸው ቢያንስ አንድ ዓመት በፊት ስለ ሥራው ዓይነት፣ ጥቅምና ሂደት እንዲወያዩ ያዛል፤ አጣዳፊ ለሚባል ልማት ብቻ ጊዜው ሊያጥር ይችላል። የመዝናኛ መንገድ አጣዳፊ የሚሆንበት ምክንያት አይታየንም። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ ከሐዲዱ ዳር ያለ ወረቀት የሰፈረው፣ ጎመን የዘራው፣ ሻይ የሚያፈላው ሰው ነው። አዋጁ ባለይዞታ ባይለውም፣ መንገዱ ሌት ተቀን የሚጠበቀውም የሚበላሸውም በእሱ እጅ ነው።

የአዋሳኞቹን ስም ለማግኘት ገጠር ላይ የግብር መዝገብ አያስፈልግም። የመሬት ደብተሩ አዋሳኞችን በአራቱም ማዕዘን በስም ይጠቅሳል። የባልና የሚስት የጋራ ይዞታ ከሆነ ሁለቱም መጠራት አለባቸው፤ ባል ብቻ ተጠርቶ የፈረመው ስምምነት በኋላ ውሃ ቀጂዋ የምትሄድበትን መሻገሪያ ዘግቶ ይገኛል። ስብሰባው በዚያ አካባቢ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይሁን፤ በገበያ ቀን፣ በዓርብ ስግደትና በአጨዳ ወራት አይጠራ። ከቀበሌ አዳራሽ ይልቅ እድር ላይ ሰው እውነቱን ይናገራል።

መስመሩም ሁለት ጊዜ በእግር መታየት አለበት፤ አንዴ በበጋ፣ አንዴ በነሐሴ። በየካቲት ደረቅ መሬት ላይ የተተከለ ችካል ክረምቱ ሲገባ ውሃ ውስጥ ይገኛል። የሞጆ ሜዳ ጥቁር ኮትቻ አፈር ነው፤ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ቀጭን አስፋልት ደግሞ አብሮት ይሰነጠቃል። በዚያ ላይ ከአሜሪካ የተቀዳ ንድፍ ማልበስ ገንዘብ መበተን ነው። የድሮው የሐዲድ ጠጠር እስካለ ድረስ ጥሩ መሠረት ነውና ሳይነሣ፣ በአካባቢው ከሚቆፈረው ቀይ ገረጋንቲ 15 ሴንቲ ሜትር አልብሶ፣ ውሃ አርከፍክፎ መጠቅጠቅ ይሻላል፤ ሲቦረቦር በአካፋ ይጠገናል። ውሃ ከመንገዱ ሥር የሚያሳልፈው ቱቦ ወርዱ ከ60 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ሰው ገብቶ አያጸዳውም፤ በአንድ ክረምት ይደፈንና ጎርፉ የገበሬውን ማሳ ይዞ ይሄዳል። ከብት ከጥንት የሚሻገርበት ቦታ ሁሉ በድንጋይ ተነጥፎ 4 ሜትር ስፋት ይተውለት፤ ከተዘጋ እረኛው ሌላ ቦታ ያፈርሳል፤ አይፈረድበትም።

አሜሪካ መኪና እንዳይገባ መግቢያ ላይ የሚተከለው የብረት ምሰሶ በ1 ሜትር ተኩል ይራራቃል። አንድ ሜትር ከ30 ወርድ ያለው ባጃጅ በዚያ ሳይነካ ያልፋል። ክፍተቱ ወደ 1 ሜትር ከ10 ቢጠብ ባጃጁ ይቆማል፣ ተሽከርካሪ ወንበርም ያልፋል፤ ነገር ግን የባጃጅ ማኅበሩ ራሱ በምክክሩ ካልተቀመጠና ተሳፋሪ የሚያወርድበት ቦታ ካልተሰጠው ምሰሶው ወር አይቆይም። ቱቦ የሚጠርጉት፣ ሣር የሚያጭዱት የዚያው ሰፈር ወጣቶች ቢሆኑ ይመረጣል፤ ሣሩ ለከብት መኖ የእነሱ ይሁን፤ ክፍያቸውም ሰኔ ከመግባቱ በፊት በወረዳው በጀት ላይ መያዝ አለበት።